ለሰንበቴው ያነበብኩት ዜና

አስተማሪ የሚባል ሰው ፊት ተቀምጬ አላውቅም። ፊደል የለየሁት ቤታችን ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ አሮጌ ጋዜጣ ነው፤ ተገልብጦ የተለጠፈውን ሳይቀር አንገቴን አዙሬ አንብቤዋለሁ። ዛሬ በከተማችን በጠዳ በእኔ ዕድሜ ዜና አንብቦ እንደ እኔ የሚተነትን ካለ ይምጣ። የሰንበቴ ማኅበራችንም ያውቀዋል። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ዳቦው ተቆርሶ ጠላው ሲዞር፣ "እስቲ አያ፣ ዓለም እንዴት አደረች?" ይሉኛል።

የዚያን እሑድም ስልኬን አውጥቼ አነበብኩ። ማራኪ ሰፈር ወጣቶች ተጣልተው አንድ ተማሪ በጩቤ ተወግቷል ይላል። ከሥሩ ሸሚዙ በደም የራሰ ልጅ ፎቶ አለ። ልጁን አወቅሁት። ባሏ የሞተባት የማኅበራችን አባል ልጅ ነው፤ እዚያው ማራኪ ሰፈር ቤት ተከራይቶ ይማራል። እናቱ የዚያን ቀን አልመጣችም።

"ወጊው ይኸውላችሁ!" አልኩ ስልኩን ከፍ አድርጌ።

"ያ ጭምቱ ልጅ?" አለ አንዱ።

"ጭምት አልክ? አንገቱን የሚደፋው ጩቤ ሊፈልግ ኖሯል!" አለ ሌላው።

"እናቱ ናት አቀማጥላ ያበላሸችው።"

ቤቴ ገብቼ ደግሜ ሳነበው "ወጊው" የሚል ቃል አጣሁ። ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ ፈለግሁ። ፎቶው የማን እንደሆነ እንኳ አይልም። ሬዲዮ ከፈትኩ፤ ሁለት ቡድኖች ተጋጩ አለ። አንዱ ገጽ ሦስት ሰው ሞተ ይላል፣ ሌላው የቆሰለም የለም ይላል። ከሥር አስተያየት የሚጽፉት ግን ሁሉም እርግጠኛ ናቸው። ይህን ሁሉ ዘመን ያነበብኩ ሰው፣ የትኛውን ልመን?

በማግስቱ እናትየዋ ደጄ መጣች። ልጇን ፖሊስ ይዞታል።

"ምነው አያ? ልጄ ጓደኛውን ተሸክሞ ሐኪም ቤት ያደረሰ ነው። ደሙ የጓደኛው ነው።"

"ማን ነገረሽ?"

"ራሱ።"

"ራሱማ..."

"አንቱንስ ማን ነገረዎት?"

ስልኬን ከኪሴ አወጣሁና መልሼ ከተትኩት።

"የፊታችን እሑድ ተራዬ ነው" አለች። "ዳቦዬን የሚቀምስልኝ ሰው ይኖር ይሆን?"

እሑድ ዳቦዋን በነጭ ጨርቅ ሸፍና አመጣች። ቄሱ ባርከው ቆረሱት። ቁራሹ ሲዞር እጅ የሚዘረጋ ጠፋ። አንዱ የጫማውን ክር ያጠብቃል፣ ሌላው ሆዴን አሞኛል ይላል። እሷ ጠላውን ይዛ እንደቆመች ናት።

ተነሣሁ። "ወጊው ያልኩት ከራሴ ጨምሬ ነው። ጽሑፉ እንደዚያ አይልም።"

"ታዲያ ልጁ ንጹሕ ነው?"

"እሱንም አይልም።"

"ታዲያ ምን ይላል፣ አያ?" ብለው ሳቁብኝ።

"አላውቅም" አልኩ። ይህ ቃል ከአፌ ሲወጣ ለእኔም እንግዳ ሆነብኝ። ቁራሹን አንስቼ ጎረስኩ። አጠገቤ ካሉት ሁለቱ አነሱ፤ የቀሩት አልነኩትም። ጠላ ቀዳችልኝና ቀና ብላ ሳታየኝ ወደሚቀጥለው ሰው አለፈች። ታመስግነኝ ትርገመኝ፣ እስካሁን አልገባኝም።