ባኪሲዮ ከቤቱ ያስወጣው መዳብ

ባኪሲዮ መዳብ ቀጥቃጭ ነው፤ አባቱም አያቱም ያው። በሚኖርባት የሰርዲኒያ ደሴት መንደር ወንዱ ሁሉ መዶሻ ሲያነሳ ሲጥል ይውላልና ጆሮ የቀረለት ሰው የለም፤ ሁሉም ይጮኻል። እሱ ደግሞ ይብሳል። "እንዴት ዋላችሁ" ሲል እንኳ የሚሳደብ ይመስላል።

የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጁ ቦናሪያ እጇ መንቀጥቀጥ፣ ምላሷ መተሳሰር ሲጀምር፣ የከተማዋ ሐኪም "ሰውነቷ ውስጥ መዳብ ተጠራቅሟል" አለችው። ሌላም ብዙ ነገረችው፤ በዘር የመጣ ነው፤ ከምግብ የሚገባውን መዳብ ጉበቷ ማስወጣት አቅቶታል፤ ትርፉ ማይቶኮንድሪያ የሚባሉትን የሴል ኃይል ማመንጫዎች እያበላሸ ጉበቷንና አንጎሏን ይጎዳል፤ ክኒኑ የዕድሜ ልክ ነው። እሱ ግን "መዳብ" ከተባለ በኋላ ምን ሰምቶ!

"እኔው ነኝ የመረዝኳት!" እያለ ደረቱን ደቃ። በሳምንቱ ሱቁን ዘጋ፤ ድስቱን፣ ሰታቴውን፣ መዶሻውን ሳይቀር ለጎረቤት አደለ። የአርባ ዓመት ሙያ! ሰው "አበደ" አለ። ምን ያብዳል፣ ልጁ ናት እንጂ።

ክኒኑ ግን አቅለሸለሻት።

"አባዬ፣ ዛሬም አስመለሰኝ።"

"ተይው በቃ! መዳቡን ጠራርጌ አስወጥቼልሻለሁ፤ ደግሞ ከየት ይመጣል?"

"ዶክተሯ እኮ አታቋርጪ ብላኛለች።"

"ስለ መዳብ እሷ ልታስተምረኝ ነው? እኔን?"

ቦናሪያ ሳቀች። እሱም ክኒኑን ሽንት ቤት ደፋው።

መጀመሪያ ላይ ማቅለሽለሹ ቀርቶ ምግብ በላች፣ ፊቷም ወዛ። "አላልኩሽም?" እያለ ሲኩራራ ሰነበተ። ክረምቱ ሲገባ ግን ማንኪያው አፏ አልደርስ አለ፤ ለሀጯ ይዝረከረክ ጀመር፤ እግሯም ከዳት። አዝሎ ሆስፒታል ወሰዳት።

ቤቱን ከመዳብ ማጽዳቱን ነገራት፤ ሐኪሟ ግን የምርመራውን ውጤት አይታ ጠረጴዛውን መታች።

"መዳቡ ያለው እሷው ውስጥ ነው እንጂ ቤታችሁ አይደለም! ክኒኑን እንደገና እንጀምራለን፤ የተጎዳው አንጎሏ መመለሱን ግን እንጃ። ማነው መድኃኒቱን ያስቆማት?"

ባኪሲዮ አፉን ከፈተ። ያ መንደር የሚያናውጥ ድምፅ የት እንደገባ እንጃለት፣ አልወጣም አለ።

ቦናሪያ አባቷን አየችው። ከዚያ አንገቷን እንደምንም ወደ ሐኪሟ አዞረች። አንዲት ቃል ለማውጣት ስንት ታገለች።

"እ… እኔ።"

"አንቺ? ለራስሽ አታዝኚም? ልጅ አይደለሽም እኮ! በገዛ እጅሽ…"

ሐኪሟ ተቆጥታ አልበቃትም። ልጅቷ አንገቷን ደፍታ ቁጣውን ተቀበለች፤ አባትየውም አጠገቧ ቆሞ እስከ መጨረሻው ሰማ።