በእሳቱ ሰ የተጻፈ ማኅተም

የቢቸናው አካለ ወልድ መቀመጥ አይሆንለትም። እህል ቀርቦለት ሁለት ጊዜ ጎርሶ ይነሣል፣ እንግዳ መጥቶበት ወሬው ሳያልቅ ይነሣል፤ ቅዳሴ ቆሞ ውሎ ቤቱ ሲገባ እንኳ ጎኑን እንደማሳረፍ ጓሮውን ይዞራል። ጎረቤቶቹ እግሩን ጉንዳን ወርሮታል እያሉ ይቀልዱበታል። ሚስቱ ማናዬ አትቀልድም። ጓሮው ውስጥ፣ ከጌሾው አጠገብ፣ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ፤ ከድንጋዩ ሥር ደግሞ አንዲት ልጃቸው አምሳለች በዘጠኝ ዓመቷ ገብታ የቀረችበት ስንጥቅ አለ። ይኸው ዐሥራ አራት ዓመት ሆነው።

የአካለ ወልድ ሥራ ስንጥቅ መዝጋት ነው። የዚያ አገር ጥቁር መረሬ መሬት በበጋ ይሰነጠቃል፤ አንዳንዱ እጅ ያስገባል፣ አንዳንዱም በግ ይውጣል። አብዛኛው የድርቅ ስንጥቅ ስለሆነ ክረምት ሲገባ ራሱ ይገጥማል። ከስንት አንዱ ግን እስከ ታች ሰዎች አገር ድረስ ይዘልቃል። ሌላ ስም አላቸው፤ ስማቸውን መጥራት ኑ ብሎ እንደ መጋበዝ ስለሚቆጠር ሁሉም የታች ሰዎች ይላቸዋል። ወጥተው ይሰርቃሉ። ቅቤ ይሰርቃሉ፣ ጥጃ ይሰርቃሉ፣ ሲብስባቸው ልጅ ይሰርቃሉ።

አካለ ወልድ ተጠርቶ ሲሄድ መጀመሪያ እፍኝ እብቅ ስንጥቁ ላይ ይበትናል። እብቁ ወደ ታች ከወረደ የድርቅ ነውና ባለቤቱን አረጋግቶ ይመለሳል። እብቁ ወደ ላይ ከተነሣ ግን ጣጣ ነው። ሰባት ቀን ጨው ሳይቀምስ ይጾማል፣ በፍየል ብራና ማኅተሙን ይጽፋል፣ የወጡትን በድጋም ጸሎት ወደ መጡበት ያባርራል፣ ከዚያ ብራናውን ስንጥቁ አፍ ላይ አኑሮ ድንጋይ ይጭንበታል። ግልባጩን ለራሱ ያስቀራል። ማኅተሙ ረጅም ቢሆንም ጉልበቱ ያለው በመጨረሻዋ መስመር ነው፤ «እምዝንቱ መካን ኢትሥርቅ» ትላለች፤ ከዚህ ቦታ አትውጣ ማለት ነው። ያች መስመር ከታተመች በኋላ ከስንጥቁ ነፍስ ቀርቶ ድምፅ አይወጣም።

ይህን ትምህርት የጁቤ አካባቢ ከየኔታ ወልደ ኪዳን እግር ሥር ሆኖ ዘጠኝ ዓመት ተምሮታል። የኔታ ሁለት ነገር ደጋግመው ያስጠነቅቁ ነበር። አንደኛው የፊደል ነገር ነው። የታች ሰዎች የተጻፈውን ቃል በቃል ይፈጽማሉ፣ የጸሐፊውን ሐሳብ አይጠይቁም። ሁለተኛው፣ አንዴ የተወሰደ አይመለስም፤ የዘጊ ሥራ ለቀረው ሰው ነው። አካለ ወልድ ይህን ሁለተኛውን በገዛ ልጁ ላይ ፈጽሞታል። አምሳለች በገባች በስምንተኛው ቀን ጓሮውን በገዛ እጁ አተመው። እያለቀሰ ጻፈው፣ ግን አንድ ፊደል አልሳተም። ከዚያ ወዲህ መቀመጥ የሚባል ነገር ከቤቱ ጠፋ።

በ፲፱፻፶፯ ዓ.ም. በጥር ወር፣ ያስቀራቸውን ግልባጮች ነቀዝ እንዳይበላቸው ፀሐይ ላይ ዘርግቶ ይገላብጥ ነበር። ሞጣ ላይ ላተመው ስንጥቅ የጻፈውን ብራና አንሥቶ የመጨረሻዋን መስመር አነበበ። የጻፈው «ኢትስርቅ» ብሎ ነው። በንጉሡ ሠ ፈንታ እሳቱን ሰ ተክሎበታል። ዛሬ በአፍ ሁለቱ አንድ ናቸው፣ ለግዕዝ ግን ሰማይና ምድር ናቸው፤ በንጉሡ ሲጻፍ አትውጣ ይላል፣ በእሳቱ ሲጻፍ አትስረቅ ይላል። አንድ ቅኔ የተቀኘ ጎጃሜ እንዲህ ከሚሳሳት ፈረስ ቢረግጠው ይሻለዋል። ደግሞ ነገሩ የኀፍረት ብቻ አይደለም። በሩን ወለል አድርጎ ከፍቶ፣ ሌባውን እባክህ አትስረቅ ብሎት ነው የመጣው።

እንዴት እንደ ተሳሳተ ያውቃል። ዐሥራ ሁለት ዓመት ወደ ኋላ፣ አምሳለች በሄደች በሁለተኛው ዓመት፣ አብዱልዋሂድ የሚባል የሞጣ ነጋዴ አስጠርቶት ነበር። ሼሁም ቁርአን ቀርተውበት አልሆነም፣ የክርስቲያኑንም እንሞክር ብሎ ነው። የጨው መጋዘናቸው ጀርባ ተሰንጥቆ የስድስት ዓመት ልጃቸው ኸይራት ገብታለች። ታናሽዋ ሐምዱ ገና በእናቱ ጀርባ ነበር። ሰባቱን ቀን ጾሞ ሊጽፍ ሲቀመጥ የእናቲቱ የሳሊሃ ለቅሶ በግድግዳው አልፎ ይሰማው ነበር፤ ያ ለቅሶ ደግሞ የማናዬ ለቅሶ ነው። እጁ ሮጠ። አትሞ ሲጨርስ ደኅና ሁኑ እንኳ በወጉ ሳይል ወጣ፣ ከዚያ በኋላ ሞጣን አልረገጠም። ያ ሐምዱ ዛሬ ዐሥራ ሦስት ዓመት ይሆነዋል፤ ካለ።

«ወዴት ነው?» አለችው ማናዬ ብራናውን በጨርቅ ሲጠቀልል አይታ።

«ሞጣ። ፊደል ላርም።»

«ለአንድ ፊደል ሁለት ቀን መንገድ?»

«በዚያች ፊደል ምክንያት ሌላ ሰው እንደኛ ሆኖ ከሆነስ?»

ማናዬ ስንቁን ቋጠረችለት።

መንገድ ላይ ከአንድ አስተማሪ ጋር ተገናኘ፤ ከሸዋ ተመድቦ ሞጣ የሚያስተምር፣ በኪራይ በቅሎ የሚሄድ ወጣት ነው። የአካለ ወልድን ችኮላ አይቶ ምን ቢገጥምዎ ነው አለው። አካለ ወልድም የሰ ፊደል ስቼ ነው ብሎ እቅጩን ነገረው።

«መሪጌታ፣ እሱማ ምን ችግር አለው?» አለ አስተማሪው እየሳቀ። «ሁለት ሰ ምን ያደርጋል? እኔ ለተማሪዎቼ ደስ ባላችሁ ጻፉ ነው የምላቸው። አንዱን ቢያስቀሩት ሁላችንም እናርፋለን።»

አካለ ወልድ በልቡ አንተን ነበር የታች ሰዎች መውሰድ አለ። ወዲያው ደግሞ በዚህ ነገር መቀለዱ አስደነገጠውና እርምጃውን ጨመረ። በቅሎዋን ቀድሟት ሄደ።

ሞጣ በሁለተኛው ቀን ከቀትር በኋላ ደረሰ። አብዱልዋሂድ ለንግድ አምበር ወርዶ ስለነበር ደጅ ላይ ያገኘው ሳሊሃን ነው። አርጅታለች፣ ቢሆንም ወዲያው ለየችው። ደስ አላላትም። ፊቷ ተለዋወጠና ሄዳ የጨው መጋዘኑ በር ላይ ቆመች።

«መሪጌታ፣ በደኅና ነው የመጡት?»

«ማኅተሙ ላይ ተሳስቻለሁ፣ ሳሊሃ። አሁኑኑ ላርመው። ልጁ፣ ሐምዱ፣ አለ?»

«አለ፤ ትምህርት ቤት ነው። ምኑን ነው የሚያርሙት?»

«ሙሉ በሙሉ አልተዘጋም። ይወጣሉ ማለት ነው።»

«ይወጣሉ» አለች ሳሊሃ። «ገበያ በሚውልበት ቀን ወጥተው ግቢውን ይዞሩታል፣ ጨው ያሸታሉ፣ ምንም ሳይነኩ ይገባሉ። ለምደናቸዋል። እባክዎ እንዳይዘጉት።»

አካለ ወልድ ሴትዮዋ ያን ጊዜ በሐዘን አእምሮዋ ተነክቷል ብሎ አዘነላት። እንዲህ ያለው በር እንዴት ይተዋል ብሎ ሊያስረዳት ሲጀምር፣ ከውስጥ አንዲት የዐሥራ ስምንት ዓመት ልጅ እጇን በነጠላዋ እያደረቀች ወጣችና እንግዳ ነው ብላ ጎንበስ ብላ ሰላም አለችው።

«ኸይራት ናት» አለች እናቷ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «እርስዎ በሄዱ በአራተኛው ቀን በዚያው ስንጥቅ ወጣች። ልንልክብዎ ነበር፤ በኋላ ከታች የመጣች ይሏታል፣ የሚያገባት ታጣለች ብለን ፈራን። ዘመድ ቤት ነበረች አልን። ይቅር ይበሉን።»

አካለ ወልድ ጨው የሞላበት ጆንያ ላይ ተቀመጠ። ከዐሥራ አራት ዓመት ወዲህ ሳይቸኩል ሲቀመጥ ይህ የመጀመሪያው ነበር።

«እንዴት ለቀቁሽ?» አላት።

ኸይራት እናቷን አየች። እናቷ ራሷን ነቀነቀችላት።

«የእርስዎ ጽሑፍ ሲመጣ ተሰብስበው አነበቡት» አለች ልጅቱ። «ተጨቃጨቁበት፣ ሦስት ቀን ሙሉ። አትውጣ አይልም፣ አትስረቅ ነው የሚለው አሉ። አንዱ እኛ ከእንግዲህ አንሰርቅም፣ የፊቱን ግን አይመለከትም አለ። ሽማግሌያቸው ግን የሰረቁትን ይዞ መቀመጥም መስረቅ ነው አለ። ከዚያ እጄን ይዘው እስከ በሩ አደረሱኝ።»

አካለ ወልድ የሚቀጥለውን ጥያቄ መጠየቅ ፈራ። ፈርቶም ጠየቀ።

«ሌላ ሰው ነበረ? ከታች?»

«አንዲት ልጅ ነበረች። በዕድሜ ትበልጠኝ ነበር፣ ጸጉሬን እሷ ነበረች የምትሠራኝ። በየቀኑ ይዛኝ ወደ ሌላ በር ትሄድና በሩ ላይ ያለውን ጽሑፍ ጣቷን እያስኬደች ታነብልኛለች። የጻፈው አባቴ ነው፣ ፊደልም ያስተማረኝ እሱ ነው፣ አየሽ፣ አንድም አልሳተም እያለች ትኮራለች። አንብባ ስትጨርስ ታለቅሳለች። አምሳለች ነበር ስሟ። አባቷ ማን እንደሆነ አላወቅንም እንጂ ባወቅን…»

አልጨረሰችም። የአካለ ወልድ ፊት ነግሯት ነበርና አፏን በእጇ ያዘች።

አካለ ወልድ የሞጣዋን ማኅተም አልነካትም። የቀረበለትን ውኃ ጠጥቶ ተነሣ። የሁለቱን ቀን መንገድ በአንድ ቀን ተኩል ገባው፤ የኔታ ወልደ ኪዳንን በልቡ እየረገመ፣ መርገሙ ደግሞ እያስፈራው፣ ከሁሉ በላይ ያን ያማረ የእጅ ጽሑፉን እየረገመ።

ማናዬን ደጅ ላይ አገኛትና ቆሞ ሁሉንም ነገራት። ታለቅሳለች ብሎ ነበር፣ አላለቀሰችም። ድንጋጤ ይሁን ንዴት ያልታወቀ ፊት ለብሳ ትኩር ብላ አየችው።

«ድንጋዩን እኔ አነሣዋለሁ» አለች በመጨረሻ። «አንቱ እጅዎ ሳይሮጥ ይጻፉ።»

ብራናው ትናንት የተጻፈ ይመስል ነበር። አካለ ወልድ ንጉሡን ሠ በስለት ፋቀው። ፍቆ ሲያበቃ ቀለም ነክሮ እሳቱን ሰ ጻፈበት፤ በዕድሜው ሙሉ ዐውቆ የተሳሳተው ይህችን ብቻ ነው። ግልባጩንም እንዲሁ አደረገው። ድንጋዩን አልመለሱትም።

በመጀመሪያው ቀን ምንም አልነበረም። በሁለተኛው ቀን ቁመታቸው እስከ ጉልበት የሚሆን፣ ፊታቸው እንደ ታጠበ ድስት የሚያብለጨልጭ ሦስት የታች ሰዎች ወጡ። ጌሾውን አሸተቱ፣ ማናዬ ሆን ብላ ያስቀመጠችውን ቅቤ ከብበው አዩት፣ ሳይነኩት ገቡ። አካለ ወልድ ልጄስ ቢላቸው አልመለሱለትም። በሦስተኛው ቀን ማንም አልመጣም። አሁን ሁለቱም ጓሮውን ይዞሩታል፣ እሱ በዚህ እሷ በዚያ፤ በተገናኙ ቁጥር ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው፣ ታውቀን ይሆን፣ እየተባባሉ።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ከስንጥቁ ድምፅ ሰሙ። አንዲት ሴት ታነባለች። እንደ ፊደል ተማሪ አንድ በአንድ እየቆጠረች፣ ደጋግማ የምታውቀውን ነገር እንደምታነብ ሰው ሳትቸኩል። አካለ ወልድ በግንባሩ ተደፍቶ ጆሮውን አስጠጋ። ድምፅዋ ጎልምሷል። እምዝንቱ አለች፣ መካን አለች፣ ኢት ብላ ቆመች።

«አባባ» አለች፣ «እዚህ ላይ ተሳስተዋል።»

«አልተሳሳትሁም» አለ አካለ ወልድ። «እንደ ተጻፈው አንብቢውና ውጪ፣ ልጄ።»