ጋሽ ጌታሁን እና ሰኞ ሰኞ የምታኮርፈው መኪና

ጋሽ ጌታሁን አረፉ ብለው ዛሬ ጠዋት ሲነግሩኝ፣ መጀመሪያ ከአፌ የወጣው «መኪናዋ ስር አይታችኋል?» የሚል ነበር።

ቀልዴን አልነበረም። እዚህ ቦሌ ቡልቡላ ኮንዶሚኒየማችን ውስጥ እሳቸው ጠፉ ከተባለ ሁሌም እዚያው ነበር የሚገኙት፤ ሁለት እግር ብቻ ከመኪናዋ ስር ወጥቶ። ሮጬ ወርጄ አየሁ። የሉም። ያኔ ነው ያመንኩት። እዚያው መሬት ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ለማታውቋቸው፣ ጋሽ ጌታሁን ዕድሜያቸውን ሙሉ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሹፌር ነበሩ። መካኒክ አልነበሩም። ይህን ግን ማንም ሊያሳምናቸው አልቻለም። ጡረታ ሲወጡ፣ ባለቤታቸውን እትዬ አስካለን ሙሽራ አድርገው ያመጡባትን አሮጌ የጀርመን መኪና ሞተር በገዛ እጃቸው አወረዱና ማደስ ጀመሩ።

ሞተሩ ግቢ ውስጥ ካደረ ይሰረቃል ብለው ሳሎን አስገቡት። ለወራት ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠ። እንግዳ ሲመጣ እትዬ አስካለ ዳንቴል ያለብሱታል። እኔ ራሴ አንድ ቀን ከቆሎው ሳህን ውስጥ ብሎን ዘግኛለሁ።

ታድሶ ቦታው ሲገባ ቁልፍ የማዞሩ ሥራ ለእኔ ተሰጠኝ። ጎረቤት ነኝ፣ ስለ መኪናም ምንም አላውቅም። የሚያውቅ ሰው አስተያየት ያበዛል ይሉ ነበር።

ታዲያ ቅዳሜ ስናስነሳት ደህና ናት። ሰኞ ያስላታል፣ ትንቀጠቀጣለች፣ ትጠፋለች። ይህች መኪና እንደ ዕድሜ እኩዮቿ በካርቡሬተር አይደለም የምትሠራው፤ ቤንዚኑ በኢንጀክተር እየተረጨላት ነው። ኢንጀክተር ደግሞ ቅንጡ ነገር ነው፣ ትንሽ ቆሻሻ አይችልም። ጋሽ ጌታሁን ይፈቱታል፣ በፌስታል ቋጥረው በታክሲ መገናኛ ወስደው ያስጠርጉታል፣ መልሰው ይገጥሙታል። ቅዳሜ ደህና፣ ሰኞ ያው። ፊልትሮ ቀየሩ፣ ፓምፕ ቀየሩ፣ ካንዴላ ቀየሩ። ቤንዚኑን ግን ማንም አልጠረጠረም።

ተበላሸች እንዴ ካልኳቸው ይቆጣሉ። «መኪና አይበላሽም፤ ያኮርፋል። ያስከፋትን ነገር ፈልጊ።»

በዚህ መሃል የግቢያችን ኮሚቴ ቆመው የቀሩ መኪኖች ይውጡ አለ። ሰብሳቢው አቶ ደረጀ መጥተው፣ እስከሚቀጥለው ስብሰባ በራሷ ሞተር ካልተንቀሳቀሰች በክሬን ተጭና እንደምትወጣ ነገሯቸው። ጋሽ ጌታሁን ያን ሰሞን ምግብ እንኳ በቅጡ አይበሉም ነበር። እውነቴን ነው፣ ፈራሁላቸው። ሙሽራቸውን ያመጡባት መኪና ተጎትታ ስትወጣ ቆመው ማየት የሚችሉ አልመሰለኝም።

ከስብሰባው በፊት በነበረው እሑድ ከገበያ ስመለስ፣ እትዬ አስካለ ነጠላቸውን መስቀለኛ አጣፍተው መኪናዋ ጎን ቆመዋል። የቤንዚኑ ሰልባትዮ ክዳን በአንድ እጃቸው፣ የጠበል ጠርሙስ በሌላው። አቡነ ዘበሰማያት እየደገሙ ጠበሉን ቤንዚኑ ላይ ያንቆረቁሩታል።

ለካ በየሳምንቱ ከቅዳሴ መልስ ሲያጠምቋት ኖረዋል።

ምን እያደረጉ ነው ብላቸው በጣታቸው ዝም አሰኙኝ። ዓይነ ጥላ ነው የያዛት አሉኝ፤ ጠበሉም እየሠራ ነው። «ሰኞ ሰኞ እንዴት እንደምትንቀጠቀጥና እንደምትጮህ አላየሽም? ሊለቃት ነው እኮ።»

ይህን ሲሉ ከመኪናዋ ስር ሁለቱ እግሮች ተንቀሳቀሱ። ጋሽ ጌታሁን ቀስ ብለው ወጡ። ሁሉንም ሰምተዋል።

እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ። ባለቤታቸውን ክንዳቸውን ይዘው ወደ ፊት ወሰዷቸው፣ ኮፈኑን ከፈቱ፣ የራዲያተሩን ክዳን አሳዩዋቸው።

«አስካልዬ፣ ያ ጆሮዋ ነው። አፏ ይሄ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ጠበሏን በዚህ አጠጫት።»

እትዬ አስካለ ደስ ብሏቸው ወደ ቤት ሲገቡ፣ ጋሼ ከመኪናዋ ኋላ ተደብቀው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ሰልባትዮውን ስንገለብጠው ውሃው ከስሩ ተኝቷል። አጠብነው፤ ኢንጀክተሮቹም መገናኛን ለመጨረሻ ጊዜ ተሳልመው ተመለሱ።

የስብሰባው ቀን ነዋሪው ሁሉ ወጥቶ ቆሟል። ጋሼ ከረባት አሥረው፣ እትዬ አስካለን ከኋላ አስቀምጠው ቁልፉን ራሳቸው አዞሩት። ባንዴ ተነሳች። ግቢውን አንዴ ዞረው ይቆማሉ ስንል በሩን አልፈው ወጡ። ስብሰባው ተጀመረ፣ ጭቅጭቁም አለቀ፣ እነሱ የሉም። አመሻሽ ላይ ሲመጡ ቢሾፍቱ ደርሰው ኖሯል። አቶ ደረጀ ተቆጥተው የት ሄዳችሁ ቢሏቸው፣ ጋሼ ኮስተር ብለው «ጫጉላ» አሏቸው።

ብዙም ሳይቆይ እኚሁ አቶ ደረጀ መኪናዋን ለልጃቸው ሠርግ ሊለምኑ መጡ። ጋሼ በክሬን ካልሆነ አትሄድም ብለው ደህና አድርገው ካሾፉባቸው በኋላ ሰጧቸው። እንዲህ ነበሩ። በጣም ነበር የምወዳቸው።

ነገ ቀብር ነው። እትዬ አስካለ በዚያችው መኪና ካልሆነ ከቤት አልወጣም ብለዋል፤ የምነዳውም እኔ ነኝ። ከሰዓት በኋላ ሞክሬያት ነበር። ተነሳች፣ የግቢው በር ላይ ስትደርስ አሳላትና ቆመች። ለቀስተኛው፣ አቶ ደረጀም ጭምር፣ ከድንኳኑ ወጥቶ ገፋልኝ።

ጋሼ፣ ነገ እርስዎን ቀብረን ስንወጣ ቤተክርስቲያኑ በር ላይ ብትጠፋብኝ፣ ድምጿን ሰምተው እንዳይነሱ፣ እባክዎ። እኛ እንገፋታለን። እትዬ አስካለንም ቤታቸው አደርሳቸዋለሁ። እርስዎ ብቻ ይረፉ። ደህና ይሁኑ ጋሼ።