ይህ ጥርስ አይነቀልም

ጽጌ ስትስቅ አፏን አትሸፍንም። እኛ እኩዮቿ ሳቅ ሲመጣብን ነጠላችንን ወደ አፋችን እንስባለን፤ ያደግነው እንዲህ ነው። እሷ ግን ራሷን ወደ ኋላ ጥላ፣ አፏን በሰፊው ከፍታ ነው የምትስቀው። ያን ጊዜ በግራ በኩል ከላይ ያለው የወርቅ ክራንቻዋ ብልጭ ይላል። ሳን ሊያንድሮ በምንኖርበት ሕንፃ ያሉት ቻይናውያን አሮጊቶች ስሟን ስለማያውቁ፣ እሷን ሲፈልጉ የራሳቸውን ጥርስ በጣታቸው እየነኩ ነው እኔን የሚጠይቁኝ።

ወርቁን ያስገባችው ካርቱም ነው። ከአዲስ አበባ ወጥታ እዚያ በስደት ሳለች አንድ ልብስ ሰፊ ዘንድ ተቀጥራ ትሠራ ነበር። ጥርሷ ሲሸረፍ አብረዋት ያሉት ሴቶች «አስነቅይውና ተገላገዪ» አሏት። እሷ ግን በእጇ ሠርታ ባገኘችው ወርቅ አለበሰችው። «አገር ተወሰደብኝ፣ ቤት ተወሰደብኝ፤ ጥርሴን ግን አልሰጥም አልኩ» ትላለች። ይህን ስትናገር አገጯ ወደ ላይ ቀና ይላል።

አሁንም ልብስ ትሰፋለች። ዘንድሮ በሁዳዴ ጾም መካከል ለፋሲካ የምለብሰውን ቀሚስ ጫፉን እያጠፈችልኝ ነበር። እኔ ፊደል የቆጠርኩት በስተርጅና ስለሆነ ያገኘሁትን ጽሑፍ ሁሉ ማንበብ ደስ ይለኛል፤ አጠገቧ ተቀምጬ የክሩን ማሸጊያ አነባለሁ። ጽጌ ሰፍታ ስትጨርስ እንደ ልማዷ ክሩን በጥርሷ ነክሳ ሳበችው። ክሩ አልተበጠሰም። ወርቁ ግን ከነክሩ ወጥቶ ቀሚሴ ላይ ወደቀ።

ጽጌ አነሳችውና በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው።

«እንዳትነግሪው» አለችኝ።

ማንን እንደሆነ አልጠየቅኳትም። ልጇ ተፈራ ሳን ሆዜ ነው የሚኖረው፤ በመኪናው መንገደኛ ያመላልሳል። ወደ ኦክላንድ ሰው ባመጣ ቁጥር እናቱን ሳያይ አይመለስም። በማግሥቱም መጣ። እንደ ወትሮው በረዶ የሞላበት ትልቅ ኩባያ ይዟል፤ በረዶውን ቁርጥም ቁርጥም እያደረገ ገባ። እኔ ሰው ሲበላ ማየት ልማዴ ነው። ልጆች አሳድጌ የልጅ ልጆች አሳድጌያለሁ፤ ማን እንደታመመ ከአበላሉ ነው የማውቀው። ተፈራ የሚቆረጥመው በቀኝ በኩል ብቻ ነበር።

ጽጌ ከንፈሯን ገጥማ ሰላም አለችው። ወዲያው ነቃባት።

«እማዬ፣ እስኪ ሳቂ።»

«ምን የሚያስቅ ነገር አመጣህ?»

«ወለቀ አይደል? ነግሬሽ ነበር! በቃ፣ ሁሉንም እናስነቅልና አዲስ ጥርስ ይገጠምልሽ። አንድ የማውቀው ክሊኒክ አለ፣ አፖይንትመንት እይዝልሻለሁ። አንዴ ዳን ነው፣ አለቀ! ማታ አውጥተሽ ብርጭቆ ውስጥ ታስቀምጪዋለሽ፣ ጠዋት መልሰሽ ታደርጊዋለሽ።»

«እኔ አልጋ ላይ ጥርሴ ብርጭቆ ውስጥ ልንተኛ?»

«ሁሉም ሰው እኮ እንደዚያ ነው የሚያደርገው።»

«ሁሉም ሰው ያድርግ። የወለድኩህ እኔ ነኝ፤ አንተ እኔን አልወለድክም።»

«እማዬ፣ ሁለቱ መንጋጋሽ የተሞሉ ናቸው፣ አንዱ ክራውን የተደፋበት ነው፣ አሁን ደግሞ ይሄ። አሮጌ መኪና እየጠገኑ መንዳት ማለት ነው።»

«መኪናህን ዘይት ሳትቀይርለት ቢቆም ጥፋቱ የመኪናው ነው?»

ተፈራ ወደ እኔ ዞረ። «እማማ ወለተ ማርያም፣ እስኪ እርስዎ ይንገሯት።»

«እኔ ምን አገባኝ፣ ጥርሱ የእሷ» አልኩት።

ቢሆንም ቀጠሮውን ያዘ። በሚቀጥለው ሳምንት እንደሚወስዳት ነግሯት ሄደ። በሩ እንደተዘጋ ጽጌ ተነሳች።

«ወለቴ፣ ነጠላሽን ልበሺ። ቴሜስካል እንሄዳለን።»

ኦክላንድ ውስጥ ያለ ሰፈር ነው፤ እዚያ ዶክተር ሂክማ አለች፤ የድሬዳዋ ልጅ፣ የጥርስ ሐኪም። ባቡር ይዘን ማካርተር ጣቢያ ወረድንና ቀስ እያልን በእግራችን ደረስን። ጽጌ ወንበሩ ላይ ከመቀመጧ በፊት የነጠላዋን ቋጠሮ ፈትታ ወርቁን በልጅቷ መዳፍ ላይ አስቀመጠችላት።

«ይህን መልሰሽ ትከዪልኝ። ስለ መንቀል ከሆነ ግን አታውሪኝ።»

ሂክማ ሳቀች። ከዚያ ግን በመብራትና በመስታወት ብዙ አየች፤ ፎቶም አነሳች።

«እማማ፣ ወርቁ ምንም አልሆነም፤ ወርቅ አይበሰብስም። የሚበሰብሰው ከሥሩ ያለው የራስዎ ጥርስ ነው። ከድዱ ጋር በሚገናኝበት ጠርዝ ላይ ተበልቷል። የተሞሉትም ጠርዛቸው ጥሩ አይደለም። አሁን ጠርጌ ልሞላው፣ ወርቁንም ልመልሰው እችላለሁ። አያያዝዎ ካልተለወጠ ግን እንደገና ይወልቃል፤ ያን ጊዜ የምመልስበት ጥርስ አይኖርም። እስኪ ይንገሩኝ፣ መቼ መቼ ነው የሚቦርሹት?»

«ጾም ላይ ነን እኮ።»

«ስለዚህ?»

«እስከ ዘጠኝ ሰዓት አፌ ውስጥ ምንም አላስገባም። ውሃውም ሳሙናውም ወደ ጉሮሮ ይወርዳል።»

«ከዘጠኝ በኋላስ?»

«እበላለሁ፣ ሻይ እጠጣለሁ፣ እሰፋለሁ...»

«በስኳር» አልኩ እኔ። «ማሽኑ አጠገብ አስቀምጣ እየተጎነጨች ታመሻለች። ከዚያ እንዲሁ ትተኛለች።»

ጽጌ በዓይኗ ገረመመችኝ።

ሂክማ ጓንቷን አወለቀች። «እማማ፣ እኔም ጾመኛ ነኝ። በረመዳን ውሃ አልጠጣም። ግን ጎሕ ሳይቀድ በልቼ ስጨርስ እቦርሻለሁ፤ ማታም ሳልቦርሽ አልተኛም። ሲጾሙ አፍ ይደርቃል። ምራቅ በሌለው አፍ ደግሞ ጥርስ ቶሎ ይበላል። እንዲያውም በጾም ነው የበለጠ መጠንቀቅ ያለብን።»

ከዚያ ጓንቷን መልሳ አጥልቃ ሥራዋን ጀመረች። የተበላውን ጠርጋ ሞላችው። ወርቁን ለጊዜው በሚይዝ ማጣበቂያ ለጠፈችው። ድዷ አብጦ ስለነበር እስኪድን ድረስ ለዘለቄታው እንደማትለጥፈው ነገረቻት። ከፋሲካ በኋላ ድዱ ድኖ፣ ወርቁም በቦታው ካገኘችው ታጸናዋለች። «ካልሆነ ግን ራሴ ነኝ የምነቅልዎት» አለቻት። «ክር በጥርስ መበጠስ የለም። ቆሎ የለም። ማታ በጥርስ መሐል ይህ ማጽጃ ክር ይገባል። ሲያወጡት ግን ወደ ታች አይሳቡት፤ በጎን በኩል ያሾልኩት። አለዚያ ወርቁ ተከትሎ ይመጣል።»

ጽጌ ክሩን ተቀብላ በጣቶቿ መሐል አሸችው። «ሰም ነክቶታል» አለች። «ጥሩ ክር ነው።»

ለተፈራ በስልክ ነገረችው። እሱም «እስከ ሆሳዕና እንኳ አይቆይም» አላት። «ቀጠሮውን አልሰርዘውም፣ ለፋሲካ ማግሥት አዛውረዋለሁ።» ስልኩን ዘጋችና ወዲያው የመቀሷን ቀለበት በጥብጣብ አስራ አንገቷ ላይ አንጠለጠለችው።

ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ በጾም አፍ መታጠብ ይፈቀድ እንደሆነ አባ ተስፋጽዮንን ጠየቀቻቸው። እሳቸውም ጢማቸውን እያሻሹ፣ «ልጄ፣ ለእኔ ተጉመጥምጦ መትፋት መብላት አይደለም። ለምትቆርቢበት ቀን ደግሞ ማታ አፍሽን አጽድተሽ ተኚ፤ ጠዋት እንዲሁ ነይ። ከቅዳሴ በኋላ ታጸጂዋለሽ» አሏት። «ስንት ዓመት ሙሉ ለምን አልነገሩኝም?» ብትላቸው፣ «ስንት ዓመት ሙሉ ጠየቅሽኝ?» አሏት።

መጀመሪያ ላይ ከባድ ነበር። ክሩን ባስገባች ቁጥር ድዷ ይደማ ነበር። ተፈራ መጥቶ መታጠቢያው ላይ ደም ቢያይ «ይኸው! እየባሰብሽ ነው» አለ። እሷም ደነገጠች፤ ሁለት ቀን ያህል ክሩን መሳቢያ ውስጥ ዘጋችበት። እኔ ነኝ ለሂክማ ደውይ ያልኳት። ልጅቷም «የሚደማው ቆሻሻ ስለቆየበት ነው፤ በቀስታ ይቀጥሉ፣ እየቀነሰ ካልሄደ ይምጡ» አለቻት። ቀጠለች። መፋቂያዋን ጥላ ለስላሳ ብሩሽ ያዘች። ሻይዋን ከምግቧ ጋር ጠጥታ ትጨርሳለች፤ ማሽኑ አጠገብ ውሃ ብቻ ይቀመጣል።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አዳራሽ ተቀምጠን ቆሎ ዞረ። ጽጌ ከቦርሳዋ ንፍሮ አወጣች። የወርቅውሃ የምትባለው፣ ከአፏ ነገር የማይጠፋ ሴት፣ አየቻትና ጮኸች።

«ንፍሮ! ምነው፣ ማን ሞተ?»

«ጥርሴ እንዳይሞት ብዬ ነው።»

«ውይ፣ በዚህ ዕድሜሽ! ልትዳሪ ነው እንዴ?»

«ብዳርስ? አንቺ ለሰርጌ ሥጋ የምታኝኪበት ጥርስ አለሽ?»

ጠረጴዛው በሙሉ አውካካ። የወርቅውሃ ራሷ ነጠላዋን ወደ አፏ ስባ ሳቀች፤ ጽጌ ግን አፏን ከፍታ፣ ወርቁ ብልጭ እያለ። በሳቅ ብዛት ይወልቅ ይሆን እያልኩ ዓይኔን ከጥርሷ ላይ አላነሳሁም። ወደ ቤት ስንመለስ ግማሹ አዳራሽ ንፍሮዋን እንደጨረሰባት አየሁ።

ሆሳዕና አለፈ። ወርቁ በቦታው ነው። ፋሲካም አለፈ። ዶሮው ሲበላ አጥንት አልቆረጠመችም፤ ሥጋውን በጣቷ ለይታ በላች።

ተፈራ በማግሥቱ ሊወስደን መጣ። «ቴሜስካል ካልሆነልሽ ከዚያ በቀጥታ ወደ እኔ ክሊኒክ ነው» አላት። «ንዳ» አለችው። መንገድ ላይ በረዶውን መቆርጠም ጀመረ። አንድ ጊዜ ፊቱ ጭምድድ ብሎ ጉንጩን ያዘ። በመስታወቱ አየሁት፤ እሱም እንዳየሁት አወቀ።

ሂክማ ብዙ አላወራችም። በቀጭን መሣሪያዋ በድዱ ዙሪያ ነካች፣ ደግማም ነካች። ደም የለም። የተሞሉትን አየች። ወርቁን አውልቃ ሥሩን አጸዳች፣ አደረቀች፣ አዲሱን ማጣበቂያ ቀብታ መለሰችው። ጽጌ ጥጥ ነክሳ ስትጠብቅ የወንበሩን ክንድ ይዛ ነበር፤ ጣቶቿ ነጥተዋል። እኔም ያን ጊዜ ነው ምን ያህል ፈርታ እንደነበር የገባኝ።

«ጨርሰናል፤ ጸንቷል» አለች ሂክማ። «በዚሁ ከያዙት ገና ብዙ ያገለግልዎታል። በየስድስት ወሩ ግን ያሳዩኝ።»

ጽጌ ጥጡን ተፋች። ከወንበሩ ወረደችና ወንበሩን በእጇ መታ መታ አደረገችው።

«ተፈራ፣ ና ተቀመጥ።»

«እኔ? ምን ሆኜ?»

«በግራ በኩል ካላኘክ ስንት ጊዜህ ነው? ወለቴ ነግራኛለች።»

ወደ እኔ ዞረ። እኔም ጣሪያውን አየሁ።

«እማዬ፣ ሥራ አለብኝ፣ ሌላ ቀን...»

«ሁሉንም ታስነቅልና ብርጭቆ ልግዛልህ? አንዴ ዳን ነው።»

ሂክማ ሳቋን በጭንብሏ ደበቀች። ያ ትልቅ ሰውዬ፣ ጺሙ የሸበተ፣ እንደ ልጅ ወንበሩ ላይ ወጣ። ጽጌ የበረዶ ኩባያውን ከእጁ ወስዳ መታጠቢያው ውስጥ ደፋችው።

«አፍህን ክፈት» አለችው፤ እሷም ከራስጌው ቆመች፣ መቀሷ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ።