ለደረቅ ቧንቧ ተራ

ዛሬ ጠዋት ባዶ ጀሪካን አንስቼ ጎረቤቴን እመቤትን ልመታት ነበር።

ወለቃ መንገድ ያለው የሰፈሩ የውሃ ቦኖ ጋ ጀሪካኔን ተራ አስይዤ ዘወር ብዬ ስመለስ፣ የእሷ ከእኔ ፊት ተደርድሮ አገኘሁት። ሦስት ሳምንት ሙሉ ውሃ ሳላይ ከርሜ፣ ንዴቴ ያረፈው እሷ ላይ ሆነ።

"በሕግ አምላክ!" አሉ የሰፈራችን ሽማግሌ አያ ደምሴ። እኛ ዘንድ ይህ ከተባለ የተነሳ እጅ አይሰነዘርም። እጄ አየር ላይ ቀረ።

"ምነው ልጄ፣ ውሃውን የያዘችብሽ እሷ ናት?"

ጀሪካኑን አወረድኩት። ሁለታችንም ጀሪካኖቻችን ላይ ቁጭ አልን። ለካ መጣላትም ጉልበት ይፈልጋል።

ቧንቧውን ግን "በሕግ አምላክ" የሚለው አልተገኘም፤ እስከ ቀትር ጠብታ አልወጣውም።

እናንተስ? በማን ተናዳችሁ ማን ላይ ጮኻችሁ?