ስድስት ድምፅና አንድ ጆሮ

ክረምት ሲገባ የኤሌክትሪክ ምድጃዬን ከአልጋ ሥር አወጣለሁ። ዓመቱን ሙሉ የተኛበት አቧራ ሽቦው ላይ ሲቃጠል የሚሰጠው ሽታ አለ፤ ጉሮሮ የሚከረክር፣ ትንሽ ቆይቶ ግን ሙቀት ሙቀት የሚል። ሌላው ሰው መስኮት ይከፍትለታል። እኔ እዘጋለሁ። ስለ ዱሮው ኪነት ንገሪን እያላችሁ ስትነዘንዙኝ ዝም የምለው ከየት እንደምጀምር ስለሚጠፋኝ ነው። ዛሬ ከዚህ ሽታ ልጀምር፤ ኦርጋናችን ሲሞቅ እንዲህ ነበር የሚሸተው።

የኪነታችን የሙዚቃ መምህር ቢሰማኝ ይቆጣ ነበር። «ኦርጋን አይደለም፣ ሲንተሳይዘር በሉ!» እያለ ለፋ። እኛም እስከ መጨረሻው ኦርጋን አልነው።

ዘመኑ የደርግ ነው። እኔ ደብረ ታቦር ላይ የአውራጃው ኪነት ቡድን ጸሐፊ ነበርኩ። መዝፈን አልችል፣ እስክስታ አይሆንልኝ። የመረጡኝ ቃለ ጉባኤ ስጽፍ አንዲት ነጥብ ስለማልጥል ነው። ፊደል የቆጠርኩት በአሥራ ሰባት ዓመቴ፣ በመሠረተ ትምህርት ነበር፤ ዘግይቶ የተማረ ሰው ደግሞ እያንዳንዷን ፊደል እንደ ንብረቱ ይጠብቃታል። በዚያ ጊዜ አግዳሚው ላይ ከጎኔ የሚቀመጡት ተማሪ ሽበታም ማሲንቆ መቺ ነበሩ። ከጋፋት ማዶ በእግራቸው ነበር የሚመጡት። ከ«ረ» አላለፉም። «አንቺ በዓይንሽ ኑሪ ልጄ፤ እኔ በጆሮዬ ይበቃኛል» ብለውኝ ማሲንቋቸውን አንሥተው ወጡ።

በኋላ ኪነቱ ሲቋቋም እሳቸውም ገቡ። ማሲንቆ ይመታሉ፣ የሌሎቹንም ክራር ይቃኛሉ። ጉልበታቸው ለእርሻ ስለ ደከመ ቤታቸው የሚቆመው ወር በወር በምትሰጣቸው አበል ነበር።

አንድ ቀን ሰብሳቢያችን ስብሰባ ጠርቶ ኦርጋን ሊገዛልን እንደሆነ አበሠረን። ጭብጨባው ሳያልቅ ቀጠለ፦

«ማሲንቆውም ዋሽንቱም ማሽኑ ውስጥ አለ። ስለዚህ አዝማሪው ወደ ቀያቸው ይሸኛሉ።»

«ክራሩን ማን ይቃኝልናል?» አለች ከዘፋኞቹ አንዷ።

«ጓዲት፣ ኦርጋን ባለበት ክራር ምን ይሠራል?»

ሽማግሌው በሩ አጠገብ ተቀምጠው የማሲንቋቸውን ጭራ ሙጫ ይቀቡ ነበር። ቀና ሳይሉ «ኦርጋኑስ ሙጫ ይቀባል?» አሉ። ቤቱ በሳቅ ተሞላ። እኔ አልሳቅሁም፤ «ይሸኛሉ» የሚለውን ቃል እየጻፍኩ ነበር። ቃሉ አራት ፊደል ብቻ ነው። ለመጨረስ ግን ብዙ ጊዜ ፈጀብኝ።

ለግዢው አዲስ አበባ የሄድነው ሦስት ነን፦ ሰብሳቢው፣ መምህሩና እኔ። ሱቁ ጠባብ ነበር፤ የቀትር ፀሐይ ቆርቆሮውን አግሎት አንገታችንን ያልበናል። ሁለት ማሽኖች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። አንደኛው ጥቁር፣ ቀጭን፣ ባለ ብዙ አዝራር። ሁለተኛው ጎንና ጎኑ እንጨት፣ ፊቱ በመጠምዘዣ የተሞላ። ሁለቱም ስድስት ቁልፍ አንድ ላይ ሲነኩ ስድስቱንም ያሰማሉ። ሰብሳቢው ዓይን የጣለው ግን ጥግ ላይ ባለች ትንሽዬ፣ ርካሽ ማሽን ላይ ነበር።

«ይቺስ?»

«እሷ አንድ ድምፅ ብቻ ነው የምታወጣ» አለ መምህሩ። «ለአንድ ድምፅማ ማሲንቆ አለን።»

«ነበረን» ሲል አረመው ሰብሳቢው።

መምህሩ ባለ እንጨቱን ሲነካው ሱቁ ውስጥ ማኅሌት የተቆመ መሰለኝ፤ ድምፁ ወፍራም፣ ደረት ውስጥ የሚገባ። ጥቁሩ ጥርት ያለ ነው፣ እንደ ታጠበ ብርጭቆ። ታዲያ ጥቁሩ አንዴ የሠሩለትን ድምፅ አይረሳም፤ አዝራሩን መንካት ነው። ባለ እንጨቱ አያስታውስም፤ በዘፈንና በዘፈን መካከል መጠምዘዣውን ሁሉ እንደገና በእጅ ማዞር ያስፈልጋል። ጥቁሩን አንድ ሰው ይሸከመዋል፤ ባለ እንጨቱን ሁለት። ዋጋው ግን የባለ እንጨቱ ይቀላል።

ካሬ ደብተሬን አውጥቼ ሠንጠረዥ አሰመርኩ። እያንዳንዱን ነገር እንደ ፈተና ከአሥር አረምነው። መምህሩ ለድምፁ ነጥብ ሰጠ፣ ሰብሳቢው ለዋጋውና ለክብደቱ። የማሽኖቹን መጽሐፍ ማንበብ ለእኔ ተተወ፤ የመምህሩ ጣቶች እንጂ ዓይኖቹ መጽሐፍ አይወዱም ነበር። «የቀረውን አንቺ ሙይውና ነገ ያሸነፈውን እንገዛለን» አሉኝ።

አመሻሹ ላይ የሆቴሉ መስኮት ሥር ተቀምጬ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላቴን ከፈትኩ። ገጽ በገጽ፣ ቃል በቃል ሄድኩ። ጥቁሩ አንዲት አዝራር አለችው፤ ሲነኳት ራሱን ይቃኛል። ባለ እንጨቱን ግን ብርድና የመብራት መዋዠቅ ያዛባዋል። ቀድሞ መሞቅ አለበት፤ ከዚያ ስድስቱን ድምፅ አንድ በአንድ እያዳመጠ የሚያስታርቅ ሰው ይፈልጋል።

በእርሳስ ጻፍኩ፦ ራሱን መቃኘት፤ ጥቁሩ አሥር፣ ባለ እንጨቱ ዜሮ። ደመርኩ። ጥቁሩ በሦስት ነጥብ አሸነፈ።

ሥራው አልቆ ነበር። እርሳሱን ግን አላስቀመጥኩም። ደብረ ታቦርን አሰብኩ፤ ብርዱን፣ አንዴ ደመቅ አንዴ ደብዘዝ የሚለውን የሞተር መብራታችንን። ከዚያ በሩ አጠገብ ሙጫ የሚቀቡትን ሰው አሰብኩ። ላጲሴን አነሣሁ። መስመሩ ሲጠፋ ባለ እንጨቱ በሰባት ነጥብ መራ።

ጠዋት ሰብሳቢው ወረቀቱን አየና «ሌላ የቀረ ነገር የለም?» አለኝ።

«የለም፣ ጓድ» አልኩ።

ደብረ ታቦር እንደ ደረስን አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። አመሻሽ ላይ መብራት ተለቀቀ፤ መምህሩ እጁን አሟሸና ቁልፎቹን ተጫነ። ስድስቱ ድምፅ በስድስት መንገድ ሄዱ።

«ኧረ ሰክሯል!» አለ ከኋላ አንዱ።

«የአዲስ አበባ ጠላ አጠጥተውት ነው!» አለ ሌላው።

መምህሩ በላብ ተነክሮ ክዳኑን በካቻቢቴ ከፈተ። አንዱን ብሎን ሲያጠብቅ ሌላው ያፈነግጣል። በመጨረሻ ካቻቢቴውን ወረወረው። ሰብሳቢው ወደ እኔ ዞረ።

«መጽሐፉ ምን ይላል?»

«መጀመሪያ እንዲሞቅ፣ ከዚያ በጆሮ እንዲቃኝ ይላል።»

«በማን ጆሮ?»

ሽማግሌው በሩ አጠገብ ነበሩ፤ በማግስቱ ወደ ቀያቸው ሊመለሱ ማሲንቋቸውን በከረጢት አሥረዋል። ተነሥተው መጡና ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አውርደው፣ ማሲንቋቸውን እንደሚያለብሱት፣ ኦርጋኑን አለበሱት።

«በርዶታል እኮ» አሉ። «እናንተን ከመኝታ አንሥተው ዝፈኑ ቢሏችሁ ትዘፍናላችሁ?»

ጠበቅን። ጥቂት ቆይቶ ያ የሞቀ አቧራ ሽታ ከጋቢው ሥር ወጣ። እኔ ካቻቢቴውን አነሣሁ፣ እሳቸው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ሦስተኛዋ ታማለች። ዙሪባት… ቀስ! ተያት እዚያ ላይ።»

«ገና አልገጠመችም፣ አባቴ።»

«ይበቃታል። ሰው አብሮ ሲዘምር አፉ ሁሉ አንድ አይሆንም።»

እንዲህ ያለ ነገር ያመኛል፤ ልክ ያልሆነን ነገር ማለፍ አልችልም። ሆኖም ተውኳት። መምህሩ እንደገና ሲጫን ስድስት ሰው ግንባር ለግንባር ገጥሞ ያዜመ ይመስል ነበር። ሰብሳቢው ጉሮሮውን ጠረገ። «እንግዲህ… ለጊዜው ይቆዩ» አለ።

ያ ለጊዜው ሰባት ዓመት ሆነ። ቡድኑ በሠራ ቁጥር፣ መብራት ሲለቀቅ፣ እሳቸውና እኔ ቀድመን እንገባለን። ኦርጋኑ ጋቢውን ይለብሳል፣ ሽታው ይመጣል፣ ከዚያ አንድ በአንድ።

አንድ ምሽት እየቃኘን ሳለ «መምህሩ ምን አለኝ መሰለሽ» አሉኝ። «እዚያ የተዋችሁት ጥቁሩ ራሱን ይቃኝ ኖሯል። ሰው ነገረው።»

ብሎኑን ማዞር አቆምኩ።

«አላየሽውም ኖሯል?»

«አላየሁትም፣ አባቴ።»

ሳቁ፤ ድምፅ የሌለው፣ ትከሻ ብቻ የሚያነቃንቅ ሳቅ።

«ነጥብ የማትጥለዋ ልጅ» አሉ። «በይ አራተኛዋን ንኪያት።»

ደግመው አላነሡትም። መንግሥት ሲለወጥ ቡድኑ ተበተነ፤ ኦርጋኑን ማን እንደወሰደው አላውቅም። እሳቸው ወደ ጋፋት ማዶ ተመለሱ፤ ሁለት ክረምት ቆይተው አረፉ። ቀብራቸው ላይ ቆሜ ስድስቱን ድምፅ በልቤ ቆጠርኩ፤ ሦስተኛዋ እንደታመመች ነበረች።

ያቺ የካሬ ደብተር ወረቀት እኔ ዘንድ አለች። ጽሕፈቱ ደብዝዟል፣ ድምሩ ግን ይነበባል። ከታች አንዲት መስመር ባዶ ናት፤ ጣቴን ሳሳልፍባት ላጲሱ ያሻከረው ይሰማኛል። በሕይወቴ አጉድዬ የጻፍኩት ሰነድ እሱ ብቻ ነው። ዛሬም ወረቀቱንና ላጲሱን ቢሰጡኝ ያንኑ መስመር አጠፋለሁ። ግን ቀስ ብዬ፣ እንዳይሻክር አድርጌ።