የአምባዛዋ ሰዓት

ሥራ በጀመርኩበት ቀን የተሰጠኝ የመጀመሪያ ትእዛዝ አንድ አምባዛ ማረድ ነበር። ቦታው ከዳንግላ ወጣ ብሎ ያለ የዓሣ ጫጩት ማራቢያ ነው። አማተብኩና ቢላውን አነሳሁ።

ኃላፊያችን አቶ ጌትነት የዓሣውን ራስ ቅል ከፈቱ። ከአንጎሉ ሥር አንዲት ነጭ ነገር በመቆንጠጫ አወጡ። የኑግ ፍሬ ታህላለች።

«እታለም፣ አምባዛ እንቁላሏን የምትጥለው ወንዝ ሲሞላ ነው። ኩሬ ውስጥ ጎርፍ ስለሌለ እንቁላሉ ሆዷ ውስጥ ይቀራል። ‹ጊዜሽ ደርሷል› የምትላት ይህች እጢ ናት። ከታረደው ዓሣ አውጥተን ሆርሞኗን እኛ በመርፌ እንሰጣታለን» አሉኝ።

አምስት ልጅ ወልጃለሁ። መውለድን የሚያዝዘው ነገር ይህን ያህል ትንሽ መሆኑን ያወቅሁት ግን ያን ቀን ነው። መዳፌ ላይ አስቀምጬ ብዙ አየኋት።

ሥራውን ቀስ በቀስ ለመድኩ። እጢዋን በትንሽ ሙቀጫ ወቅጬ በጨው ውሃ እበጠብጣለሁ። እንስቷን በእርጥብ ፎጣ ጠቅልዬ ጀርባዋ ላይ እወጋለሁ።

በሦስተኛው ዓመት፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ እንቁላል የያዘች አንዲት እንስት ብቻ ቀረችን። ጫጩት የሚጠብቁት ጋሼ ምናለ የሚባሉ የአዲስ ቅዳም ገበሬ ነበሩ። ከሰል ማክሰሉን ትተው ኩሬ ቆፍረዋል። «ዘንድሮ ካላገኘሁ ደፍኜ የከሰል ዛፍ እተክልበታለሁ» ብለዋል።

ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ወጋኋት። በማግስቱ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ አቶ ጌትነት የሥልጠና ወረቀታቸውን ይዘው መጡ። ወረቀቱ «ከተወጋች ከአሥራ ሁለት ሰዓት በኋላ ጭመቁ» ይላል። ጋሼ ምናለም ወሬ ሊጠይቁ ደርሰዋል።

«ምነው፣ ወይዘሮዋ አልተገላገለችም?»

«ምጧ ገና ነው» አልኳቸው።

አቶ ጌትነት ሆዷን ተጫኑ። ጥቂት እንቁላል ከደም ጋር ወጣ። እንደገና ሊጫኑ ሲሉ እጃቸውን ያዝኩ።

«ይተዉ! ሊገድሏት ነው።»

«ወረቀቱ እኮ…»

«ወረቀቱ የቆላ ነው። የእኛ ውሃ ብርድ ነው።»

አቶ ጌትነት ቴርሞሜትሩን ገንዳው ውስጥ ነከሩ፤ ሃያ ዲግሪ። ወረቀቱን ገልብጠው አነበቡ። እውነትም ለሞቃት ውሃ የተጻፈ ነበር።

«ልክ ነሽ። መልሻት» አሉ።

ጋሼ ምናለ ጋቢያቸውን ተከናንበው ገንዳው አጠገብ ተቀመጡ። «ከሰልም ሳይደርስ ከከፈቱት አመድ ነው» አሉ።

በየሰዓቱ ሆዷን በጣቴ ዳሰስኩ። እንደጠነከረ ነው። በልቤ ጸለይኩ።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከውሃው ሳነሳት እንቁላሉ ሳይጨመቅ ፈሰሰ። አረንጓዴ ነው፤ ያበራል። የሳፋውን ወለል ሸፈነው። ወንድ አርደን ዘሩን አንጠባጠብንበት፤ በንጹህ የዶሮ ላባ አማስለን ውሃ ጨመርን።

ከሁለት ቀን በኋላ ማስፈልፈያው ውስጥ የክር ቁራጭ የሚመስሉ ጫጩቶች ይርገበገቡ ነበር። መቁጠር አይቻልም። አቶ ጌትነት ባርኔጣቸውን አወለቁ። እኔ ከ«ተመስገን» ሌላ ቃል አጣሁ።

ጋሼ ምናለ ግን «ይህን ሁሉ ማን ሊያጠባው ነው?» አሉ።

ጫጩቶቹ ሲጠነክሩ በጀሪካን ወሰዷቸው። ኩሬው አልተደፈነም።

ለአዳዲስ ባልደረቦቼ የምለው ይህን ነው፦ ሰዓት ከመቁጠራችሁ በፊት የውሃውን ሙቀት ለኩ። በጣት ሲነካ የማይፈስ እንቁላል አልደረሰም፤ ተዉት።